ብሮክን ሂል የማን ናት?

ማርች 11

ዛሬ በታሪክ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን ኮሊን ሮው ደረቱን ነፍቶ ገባ። ሲድኒ ያለው መንግሥት አዲስ የቱሪስት ካርታ ሊያሳትም ነው። አገሩ በሙሉ በ«ባህል አካባቢ» ይከፋፈላል። እኛ ከየትኛው እንደምንመደብ ደግሞ ከተማው ራሱ በአደባባይ ተከራክሮ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ዳኛ ከሲድኒ ትላካለች። ኮሊን «ካርታ» የሚለውን ቃል ሲጠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ ይመስላል።

እንዲያው ለነገሩ ምኑ ያከራክራል? እኛ በአጭሩ ሂል የምንላት ይቺ የማዕድን ከተማ በካርታ የሲድኒ ግዛት ናት፤ የምትቀርበው ግን ለጎረቤቱ ግዛት ዋና ከተማ ለአደላይድ ነው። ሕጋችን፣ ግብራችን፣ ፖሊሳችንና የመኪና ታርጋችን የሲድኒ ነው። ሰዓታችን፣ ኳሳችን፣ ጋዜጣችንና የሳንድዊች ቋሊማችን የአደላይድ ነው። በዚህ ጉዳይ በየመጠጥ ቤቱ ስንት ጥርስ እንደወለቀ እግዜር ይቁጠረው። አሁን መንግሥት ስለሰማው ግን «ባህል» ተባለ።

ሦስት ወገን ተቋቋመ። አንዱ ለሲድኒ ይከራከራል፣ አንዱ ለአደላይድ፣ አንዱ ደግሞ «ሂል የማንም አይደለችም፣ የራሷ ናት» ይላል። እኔ ለሦስተኛው እጄን አወጣሁ። ኮሊን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ቤሪል፣ አንቺማ ጎበዝ ነሽ። ግን ለዚህኛው ተወላጅ ቢቆምለት አይሻልም? ሰው ምን ይላል?»

ሳቅ ሆነ። ጎረቤቴ ዩና ልትረዳኝ ብላ «ኧረ ቤሪል እኮ እንደኛው ናት ማለት ይቻላል!» አለች።

ማለት ይቻላል።

«አደላይድ ወገን ትሁን» አለ ኮሊን። «የተወለደችውስ እዚያው አይደል?» ሦስተኛውን ወገን ራሱ ያዘው።

እሺ አልኩ። አልተቀየምኩም።

ማርች 12

አልተቀየምኩም ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ ግን ሳህን በተነካ ቁጥር ኳ ይላል። ባለቤቴ ሌስ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ሳህኑ ምን አደረገሽ?» አለኝ።

የእኔ ነገር ሲያወሩት ቀልድ ነው። እናቴ እኔን ስታምጥ ደም ፈሰሳትና በባቡር አደላይድ አደረሷት። እዚያ ተወለድኩ። እትብቴ ሳይደርቅ ወደ ሂል ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው ጸጉሬ እስኪሸብት ንቅንቅ አላልኩም። አቧራዋን በልቻለሁ። ማዕድኑ ውስጥ ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ብርጭቆዎቼን ደግፌ ቆሜያለሁ። ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ያልተወለደ ሁሉ መጤ ነው፤ መጤ ነኝ። ወንድሜ ኬን ግን ኦክሳይድ ጎዳና ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተወለደ። ጢም ሳያወጣ ፐርዝ ሄዶ እዚያው ቀረ። በስንት ዓመቱ ብቅ ሲል መጠጥ ቤቱ በሙሉ «የሂል ልጅ መጣ!» ብሎ ይነሳለታል። እኔም እነሳለሁ፤ ወንድሜ ነዋ።

ድሮ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ማዕድን ውስጥ ሥራ የሚሰጠው መጀመሪያ ለተወላጅ ነበር። በልጅነቴ ለጽሕፈት ሥራ ላመለክት ስሄድ ሰውየው የት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ውይ» አለ። ሥራውን አላገኘሁም።

ማርች 23

ልጄ ኬሪና ባሏ ዳሚር ለእሑድ ምሳ መጡ። የመጀመሪያ ልጃቸው በሜይ መጨረሻ ይወለዳል። ኬሪን እዚሁ ሆስፒታል ነው የወለድኳት። ዳሚር ተወላጅ ነው፣ ሌስም ተወላጅ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ መጤዋ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሌስ ከተጋባን ጀምሮ በየምሳው የሚደግማትን ቀልድ ደገማት።

«መጤዋ፣ እስቲ ጨው አቀብዪኝ።»

ሁላችንም ሳቅን። ሌስ ክፉ ሰው አይደለም። ቀልዱ አንድ ብቻ ስለሆነች ይሳሳላታል።

የኬሪ ቀለበት ጣቷ ላይ ጠብቆ አልወጣ አለ። በሳሙና ሞከርነው፣ እምቢ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ኤፕሪል 2

ሐኪሙ ኬሪን የደም ግፊትሽ ጨምሯል፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ አደላይድ ሂጂና እስክትወልጂ ትልቁ ሆስፒታል አጠገብ ተቀመጪ አላት። በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«እማ፣ ምን ትያለሽ?»

የሐኪሙን ስሚ አልኳት። መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው፤ ይኼ ይጻፍልኝ። ቀጥዬ ግን እዚህስ ሆስፒታል አለ አይደል እንዴ፣ ሐኪም መቼም ለጥንቃቄ ብሎ ሁሉንም ይልካል፣ ጥቂት ብትታገሺ ይወርድ ይሆናል አልኳት። እጇን ይዤ ነው ያልኳት። ፊቷ ለቀቅ ሲል ደስ አለኝ።

ምን ክፉ ተናገርኩ? ልጇ ቤቷ አጠገብ ብትወልድ የማትወድ እናት የታለች?

ኤፕሪል 6

ንግግሬን ጀመርኩ። ሰዓቱን አስገባሁ፣ ኳሱን አስገባሁ። የገናንም አስገባሁ፤ ለገና ከተማው ተነቅሎ አደላይድ ባሕር ዳርቻ ይሰፍራል። ዓመቱን ሙሉ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤታሞች እዚያ ፎጣቸውን ጎን ለጎን አንጥፈው ስለ ሂል ሙቀት ያወራሉ።

ጥሩ ነው። ግን ይጎድለዋል። ሰው ያጨበጭባል እንጂ ዝም አይልም። እኔ የምፈልገው ዝም እንዲሉ ነው።

ኤፕሪል 9

ተገኘ!

«ልባችን ሲያስቸግረን፣ ሴቶቻችን ምጥ ሲጠናባቸው፣ የምንሄደው ወዴት ነው? ወደ ሲድኒ? ሰው ሲጨንቀው ወደ እናቱ ይሮጣል። እኛ የምንሮጠው ወደ አደላይድ ነው! እናታችሁ ማን እንደሆነች ከዚህ በላይ ምን ይነገራችሁ?»

ሌስን አስቀምጬ አነበብኩለት። «አሪፍ ነው» አለ። ጋዜጣውን መልሶ አነሳ። ከጋዜጣው ጀርባ ደግሞ «ለኬሪም አንብቢላት» አለኝ።

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ሌስ አንዳንድ ጊዜ ዝም ብሎ ይናገራል።

ኤፕሪል 13

ዩና በአጥሩ በኩል፦

«ኬሪ አልሄደችም እንዴ?»

«ትሄዳለች። ምን ያስቸኩላታል?»

«ፊቷ አላማረኝም።» ልብሷን ማስጣቷን ቀጠለችና «ለነገሩ እዚህ ብትወልድ ለአንቺ ጥሩ ነበር» አለች።

«ለእኔ? እኔን ምን አገባኝ?»

«ኧረ እንዲያው ነው።»

ዩና ወሬኛ ናት። ሁልጊዜም ነበረች። አጥሩን ከፍ እናድርገው ብል ሌስ እምቢ አለ።

ኤፕሪል 16

ሐኪሙ ለኬሪ ደወለ። ሰኞ እሄዳለሁ አለችው። ሰኞ በዪው ያልኳት እኔ ነኝ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን ሦስታችንም አልተናገርንም።

ጫማዋ አልገባ ብሏት የአባቷን ነጠላ ጫማ አድርጋ ወጣች።

ኤፕሪል 20

ለክርክሩ ምሽት በሚቀርበው ምግብ ተጣላን። ዩና የአይብ ሰላጣ ይቅረብ አለች፤ ያው አይብና ካሮት ተፈቅፍቆ በማዮኔዝ የሚለወሰው፣ ከሂል ውጭ ስሙን እንኳ የሚያውቀው የሌለ። የሲድኒ ወገን ተነስቶ ጮኸ። ይኼ የሦስተኛው ወገን ማስረጃ ነው፣ ለዳኛዋ ካበላችኋት ጉቦ ነው አሉ። ኮሊን ድምፅ አሰጠ። የአይብ ሰላጣ እንደ ምግብ ይቀርባል፤ እንደ ማስረጃ ግን አይቆጠርም ተብሎ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ይህን ስንወስን አንዳችንም አልሳቅንም።

ሰላጣውን ኬሪ ልሥራው አለች። ቁጭ ብለሽ እረፊ አልኳት። «ቁጭ ስል ይብስብኛል፣ እማ» አለች።

ኤፕሪል 23፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌስ ያንኮራፋል፤ ተወላጅ ምን አለበት።

ማንም የማያነበው ደብተር ላይ እንኳ የማልጽፈው ነገር አለኝ ማለት ነው? እሺ፣ ልጻፈው። ይቺ ልጅ አደላይድ ከተወለደች መጤ ልትባል ነው። በእኔ የመጣው ነገር ለኬሪ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር፤ አሁን እሷን ዘሎ የልጅ ልጄ ላይ ሊያርፍ ነው። ትምህርት ቤት ይስቁባታል። በስብሰባ እጇን ስታወጣ መነጽር አውልቆ የሚጠርግ ሰው ይኖራል። ደግሞም «የአያቷ ነገር» ይባላል። ከእኔ ተላለፈባት ይላሉ፣ እንደ ሪህ።

ኬሪ ሰሞኑን ራሷን እያመማት ነው። አቧራው ነው መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ነበር። ሁሉም ሰው ራሱን አሞታል።

እኔን ግን አላመመኝም።

ሰኞ ትሄዳለች። እኔው ራሴ እሸኛታለሁ።

ኤፕሪል 26፣ ከሰዓት

ጸጉሬን ተሠራሁ። ሰማያዊ ቀሚስ። ንግግሬን በቃሌ ይዣለሁ። ዳኛዋ ሚስ ሀርግሬቭ በጠዋቱ አውሮፕላን ገብታለች አሉ። ክርክሩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ። ኬሪ አይብ እየፈቀፈቀች ነው፤ እጇ አላምር አለኝ። ዛሬን ብቻ። ሰኞ፣ እውነተኛው ሰኞ።

ኤፕሪል 27፣ አደላይድ

ከአዳራሹ ልጀምር።

ኬሪና እኔ ቀድመን ሄደን ወንበር እንደረድራለን። ማለቴ እኔ እደረድራለሁ፣ እሷ ጓዳ ሰላጣዋን ትለውሳለች። በሩ ተከፍቶ አንዲት ቀጭን ሴት ቦርሳዋን አንግታ ገባች። ተቆጥታለች።

«አንድ ሰዓት ነው ተብዬ ነበር። ሰው የታለ?»

የእጇ ሰዓት አንድ ይላል። የግድግዳው አሥራ ሁለት ተኩል። ያኔ ገባኝ። ቀኑን፣ አዳራሹን፣ ምግቡን ሳይቀር ስንነግራት የማን አንድ ሰዓት እንደሆነ አልነገርናትም። ሲድኒ ከእኛ በግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ከተማችን የማን ናት ብለን ወር ሙሉ ስንነታረክ ከረምን፤ እንግዳዋ የሌላ አገር ሰዓት እንዳሰረች ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

«እዚህ በአደላይድ ሰዓት ነው የምንሄደው፣ ሚስ ሀርግሬቭ። ይቅርታ ያድርጉልን» አልኳት። በልቤ ግን ጮቤ ረገጥኩ። ማስረጃው በራሱ እግር በበር ገባልኝ! ደግሞም ዳኛዋ ለግማሽ ሰዓት የእኔ ብቻ ናት። ኮሊን ቢያውቅ ያብዳል። አስቀመጥኳት፣ ሻይ ሰጠኋት፣ «እንዲያው ይሰለቹ እንደሆነ ንግግሬን ላሰማዎት» አልኳት።

በደንብ ነው ያልኩት። ሰዓቱን፣ ኳሱን፣ ባሕሩን። «ሴቶቻችን ምጥ ሲጠናባቸው የምንሄደው ወዴት ነው?» ስል ኬሪ የሰላጣውን ጎድጓዳ ሳህን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ሚስ ሀርግሬቭ ከዚያ በኋላ እኔን አላየችኝም። እሷን ነው የምታየው፤ ያበጠ ፊቷን፣ ያበጠ እጇን፣ የአባቷን ነጠላ ጫማ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት።

«ስምንት ሊሞላኝ ነው።»

«እና አንቺ መቼ ነው የምትሄጂው?»

ኬሪ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ጥያቄው የእሷ ሆኖ ሳለ መልሱን ከእኔ ፊት ላይ ፈለገችው። እኔ፣ ወር ሙሉ ቃል ሲፈልቅልኝ የከረምኩት ሴትዮ፣ የእንግዳዋን ሲኒ አንስቼ ሻይ ልጨምር ዞርኩ።

«እማ» አለች ኬሪ ቀስ ብላ፣ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለብኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ። ንግግርሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሚስ ሀርግሬቭ በተከራየችው መኪና ሆስፒታል አደረሰችን። መንገዱን እኔ መራሁ፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ በገዛ ከተማዬ። ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ወደ ስልኩ ሮጠ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌ ሰጧት። የጠናበትን በሽተኛ ወደ አደላይድ የሚያደርሱት በራሪ ሐኪሞች አውሮፕላናቸውን ሲያስነሱ ዳሚር ገና ከመሬት በታች ነበር፣ ከማዕድኑ እስኪያወጡት አልተጠበቀም። ሌስ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጣ። ኬሪን ሳማት። እኔን ትከሻዬን ያዘኝና ለቀቀኝ።

ሊነጋጋ ሲል በቀዶ ጥገና ወለደች። እንደተባለው ሴት ናት። ትንሽዬ ናት፣ ድምፅ ግን አላት። ኬሪም ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ደጋግሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

አሁን ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰዓቴን ከግድግዳው ጋር አስተያየሁት። ሁለቱም እኩል ናቸው። ማስተካከል አላስፈለገኝም።

ልጄን ልገድላት ነበር። መጤ ለምትባል ቃል ብዬ።

ኤፕሪል 28

ነርሷ አልጋውን እያነጠፈች «ከየት ናችሁ?» አለችኝ።

«ከሂል።»

«አሃ፣ የሲድኒዎቹ!»

ትራሱን አቀበልኳት።

ማታ ሌስ ደወለ። ክርክሩን አሸንፌያለሁ። ዳኛዋ ከሆስፒታል በቀጥታ ተመልሳ ዳኝነቷን ጀመረች። የሲድኒ ወገን ተናገረ፣ ኮሊን ተናገረ። የእኔ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሄድኩ ሰምቷል። ኮሊን ተነስቶ «ቤሪል ኬሪን ይዛ አደላይድ ሄዳለች» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ አሉ። ጭብጨባም የለ። ከዚያ እጅ ሲወጣ ለአደላይድ ወጣ፣ የኮሊን ሳይቀር።

ዝም እንዲሉ ነበር የፈለግኩት። ዝም አሉልኝ።

«ሰላጣውስ?» አልኩት።

«ተበላ» አለ ሌስ።

ኤፕሪል 30

ኬሪ ዛሬ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሕፃኗን በእናቴ ስም ኖራ ብለዋታል። አስታቀፈችኝ፤ ክብደቷ የአንድ ዳቦ ያህል ነው።

«ለምን እንዳቆየሽኝ አውቃለሁ» አለችኝ።

«ኬሪ፣ እኔ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። እንደ እኔ እንድትሆን እንጂ እንደ አንቺ እንዳትሆን ነው የፈለግሽው። አይደል?»

ዓይኔን ከሕፃኗ አላነሳሁም። አዎ አልኳት።

«እንደ አንቺ ብትሆንስ ምን ነበረበት?»

ይኼን ጥያቄ በዕድሜዬ ሙሉ የጠየቀኝ ሰው የለም። ራሴንም ጠይቄው አላውቅም። አለቀስኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ዛሬ አይደለም፣ እማ» አለች፤ ግን ልጅቷን ከእጄ አልወሰደችብኝም።

ሜይ 25

ተመለስን። ካርታው ቀድሞን ደርሷል። ሂል የተጻፈችው ሲድኒ ሥር፣ «ሩቅ ምዕራብ» በሚል ቀለም ውስጥ ነው። ክርክሩን የሚጠቅስ ነገር የለበትም። ሌስ አገላብጦ አየውና «ሩቅ ከማን?» አለ። ኮሊን ይግባኝ ልንል ነው ይላል። ለይግባኙ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አልገባሁበትም።

ለኖራ አቀባበል ምሳ አዘጋጀሁ። ዩና የአይብ ሰላጣ ይዛ መጣች፣ ኮሊን አበባ። ኮሊን ጋሪው ላይ አጎንብሶ ብዙ አያት። መነጽሩን አወለቀ።

«ስታምር!» አለ። «እንዲያው ያሳዝናል እንጂ… ያው መጤ ናት።»

ዩና ሳቀች፣ ዳሚርም ትንሽ ሳቀ። ኬሪ አልሳቀችም። እኔን ነበር የምታየኝ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እንዳየችኝ አድርጋ።

«አዎ» አልኩት። «መጤ ናት። እንደ አያቷ። በሰላም ተወልዳ ነው የመጣችው፣ ኮሊን፤ ሌላው ምንም አያሳዝንም።»

ኮሊን መነጽሩን ሳይጠርግ መልሶ አደረገው። ኬሪ ሕፃኗን ከጋሪው አንስታ መጣችና ክንዴ ላይ አስተኛችልኝ።

ሌስ ከጠረጴዛው ጫፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጤዎች» አለ፣ «እስቲ ጨው አቀብሉኝ።»

ኖራ ተኝታ ነበር። ለሁለታችንም ስል እኔ አቀበልኩት።